የገቡና ያልገቡ

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ተለጣፊዎቹ ተገኙ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ። ቀይ ገና ፊደል ለሚለዩት፣ ሰማያዊ ዓረፍተ ነገር ለሚያነቡት። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ መጻሕፍቱን የክፍሉ ወለል ላይ ዘርግቼ በየጀርባቸው ስለጥፍ ቆየሁ። አንድ መቶ አሥራ አራት። ከመጋዘን ስናወጣቸው እንዲህ የሚበዙ አልመሰሉኝም ነበር።

ፀሐይዋ በመስኮቱ ገብታ ከአንዱ ሽፋን ወደ ሌላው ስትሻገር እያየሁ ፈዝዤ ቀረሁ... ስንት ደቂቃ ይሆን? እንጃ። ግንባሬ ላይ ቀይ ተለጣፊ ተጣብቆ ቤት ገባሁ። እትዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና ብላ አየችኝ።

"ቀዩ ለጀማሪ ነው ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"እንግዲያው ትክክለኛ ቦታው ላይ ነው የለጠፍሽው።"

ታላቅ እህት ናት፣ ምን ይደረጋል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 15

መደርደሪያው ሞላ። ጀርባቸውን ሰጥተው በቀለም በቀለም ቀጥ ብለዋል። ደስ ሲሉ! "ኑ፣ ምረጡ" አልኳቸው ልጆቹን። አርባ ሁለት ልጅ ቆሞ ያየኛል። እጁን የዘረጋ የለም።

በመጨረሻ አንዱ፣ "ቲቸር፣ መጽሐፎቹ ለምን ፊታቸውን አዞሩ? አኩርፈው ነው?" አለኝ።

ለካ ማንበብ ለማይችል ልጅ የመጽሐፍ ጀርባ ግድግዳ ነው። ሽፋኑን ካላየ ምን ብሎ ይምረጥ? አሥራ አንድ ዓመት አንደኛ ክፍል አስተምሬ ይሄ ገና ዛሬ ገባኝ።

እሑድ፣ ጥቅምት 18

እትዬ ከመጋረጃ በተረፈ ጨርቅ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ሰፋችልኝ፣ ኪስ በኪስ የሆነ። መጽሐፉ ኪሱ ውስጥ ፊቱን ወደ ልጆቹ አዙሮ እንዲቆም ነው። ልኩን አልነገርኳትም፣ እሷም አልጠየቀችኝ። ኪሶቹ ጥልቅ ሆኑና መጻሕፍቱ ሰመጡ። ብርድ ልብስ እንደተከናነበ ሰው ግንባራቸው ብቻ ይታያል። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን።

"በቃ ይተኙ" አለች፣ "መጋዘን ውስጥ ደክሟቸው ይሆናል።"

ከዚያ ፈትታ እንደገና ሰፋችው። የመኪናዋ ድምፅ ልጅነቴን ይዞብኝ መጣ። እናታችን ከሄደች ጀምሮ ያደግኩት በዚያ ድምፅ ነው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 20

ኪሶቹ ተሰቀሉ። ከኪስ የተረፉትን ሁለት የፕላስቲክ ቅርጫት ውስጥ አድርጌ ምንጣፉ ላይ አኖርኳቸው። አንዱ ቀይና ቢጫ፣ ሌላው አረንጓዴና ሰማያዊ። ልጆቹ ምንጣፉን ወረሩት። ክፍሉ ውስጥ የገጽ ድምፅ ብቻ... ሌላ ዓለም የገባሁ መሰለኝ።

ድንቢጥ ግን ቶሎ አልተነሳችም። ድንቢጥ የምላት እኔ ነኝ፣ ከሁሉም ትንሿ ስለሆነች። እናቷ ለሕክምና ሌላ ከተማ ሄዳለች፣ ከመስከረም ጀምሮ አክስቷ ጋ ናት። ሁሉም መርጦ ሲያበቃ መጥታ ማንም ያልፈለገውን አነሳች፣ የዳክዬዋን። ዳክዬዋ ከቤቷ ርቃ ሄዳ ያገኘችውን ሁሉ መንገድ ትጠይቃለች። ፍየሏን፣ ባቡሩን፣ ዝናቡን ሳይቀር። የመጨረሻው ገጽ ተቀድዷል። መጣል ነበረብኝ፣ አልጨከንኩም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 23

ድንቢጥ አነበበች!!

ቀይ ተለጣፊ ያለውን የዶሮዎቹን መጽሐፍ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ አንዲት ቃል ሳትስት። ልቤ ቅቤ ጠጣ። እየሮጥኩ ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። እሳቸው ዘንድ ዝርዝር አለ። እስከ ኅዳር መጨረሻ ማንበብ ያልጀመረ ልጅ ወደ ታች ክፍል ይመለሳል። ድንቢጥ ሦስተኛዋ ናት።

"ይሰርዙልኝ" አልኳቸው።

"ደስ ይላል፣ መምህርት። ሰኞ እኔም ልስማት" አሉ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 26

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ...

መጀመሪያ ጥሩ ነበር። ዳይሬክተሩ መነጽራቸውን አድርገው አጠገቧ ትንሿ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ ጉልበታቸው አገጫቸው ሊደርስ። መጽሐፉ ውስጥ ሁለት ገጾች ተጣብቀው ኖሯል፣ በሙጫ ይሁን በብስኩት። ድንቢጥ ሁለቱንም አንድ ላይ ገለጠቻቸው። ሥዕሉ ዶሮዋ ጣሪያ ላይ ወጥታ ነው። እሷ ግን የታለፈውን ገጽ ትላለች፣ "ዶሮዋ ውሃ ጠጣች"። እንደዚያው እስከ መጨረሻው። መጽሐፉ አለቀ፣ እሷ ግን ገና አንድ ገጽ ቀራት።

ዳይሬክተሩ አልተቆጡም። ሌላ መጽሐፍ ገለጡላት፣ ለክፍሉ አንብቤ የማላውቀውን። ቃል ትንፍሽ አላለችም።

ውጭ ከወጣን በኋላ፣ "ልጅቷ ጭንቅላት አላት፣ መምህርት" አሉኝ። "ግን አላነበበችም። ሸምድዳ ነው። እስከ ኅዳር መጨረሻ ጊዜ አለ።"

ስንት ጊዜ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው? የተማረችው ድምፄን ነው እንጂ ወረቀቱን አይደለም። እኔ ደግሞ የምፈልገውን ሰማሁ። ብትመለስ እኮ ከአሁኑም ይብስባታል። አንድ ሰው ሄዶባታል፣ አሁን ደግሞ አርባ አንዱ ጥለዋት ሊያልፉ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 28

ከእረፍት ስመለስ የቅርጫቶቹ መጻሕፍት ተደበላልቀዋል። ቀዩ ከሰማያዊ፣ ቢጫው ከአረንጓዴ። የስንት ቀን ልፋቴ! ደሜ ፈላ።

"ማነው ይሄን ያደረገው?"

ድንቢጥ ብድግ አለች። "እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"እነዚህ ገብተዋል።" አንዱን ቅርጫት አሳየችኝ። ወደ ሌላው ዞረች። "እነዚህ አልገቡም።"

"የት ነው የሚገቡት?"

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን አየችኝ። "ቤታቸው ነዋ፣ ቲቸር።"

ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ የእያንዳንዱን የመጨረሻ ገጽ አየሁ። እውነቷን ነው። በአንደኛው ቅርጫት ያሉት ሁሉ በር ላይ፣ አልጋ ላይ፣ እናት እቅፍ ውስጥ ያልቃሉ። በሌላው ልጁ ጀልባ ላይ እንደሆነ ያልቃል፣ ድመቷ ዛፍ ላይ፣ ፊኛው ሰማይ ላይ። የሁሉንም መጨረሻ አንድ በአንድ አይታለች። አንድም ስህተት የለም።

የዳክዬዋ መጽሐፍ ግን እጇ ላይ ነው። "እሷስ?" አልኳት።

"የሷ አይታወቅም። ገጹ የለም።"

ቅርጫቶቹን እንዳሉ ተውኳቸው። ቀለሙ ይቅር።

ዓርብ፣ ጥቅምት 30

ሕልም... መጻሕፍቱ እግር አውጥተው፣ ተያይዘው በዝናብ ይሄዳሉ። እኔ በር ላይ ቆሜ እቆጥራቸዋለሁ። አንድ መቶ አሥራ ሦስት። እንደገና እቆጥራለሁ። አንድ መቶ አሥራ ሦስት። ማን እንደቀረ አውቃለሁ፣ ግን አልናገርም።

እሑድ፣ ኅዳር 2

ጠዋት ፊቴን ስታጠብ መጣልኝ። ማንም አንብቦላት የማያውቀውን ልትሸመድድ አትችልም! የዳክዬዋን የመጨረሻ ገጽ እኔ ብጽፈውስ? ለማንም ጮክ ብዬ ሳላነብ። ማወቅ ከፈለገች ማንበብ አለባት። መፈለጉንስ ትፈልጋለች።

ፎጣውን እንደያዝኩ ለእትዬ ነገርኳት።

"ምን ብለሽ ትጽፊያለሽ?"

"ገባች ብዬ ነዋ።"

መኪናዋን አቆመች። "የልጅቷ እናት ትመጣለች?"

"አላውቅም።"

"እንግዲያው አትዋሺያት።"

"ስለ ዳክዬ እኮ ነው፣ እትዬ..."

"ስለ ዳክዬ አይደለም።" ጨርቁን አጣጠፈች፣ ፈታች፣ እንደገና አጣጠፈች። "እኔ ዋሽቼሻለሁ። እማማ ስትሄድ 'ነገ ትመጣለች' እልሽ ነበር። ነገ ደግሞ 'ነገ'። አሥራ አራት ዓመቴ ነበር፣ ሌላ ምን እንደሚባል አላውቅም። አንቺ መስኮቱን ይዘሽ ትቀመጪ ነበር። ስንት ወር! አንድ ቀን እንኳ አልተቆጣሽኝም።"

"ምን ያስቆጣኛል" አልኳት።

ውሸቴን ነው። ተቆጥቼ ነበር። ያወቅኩት ግን ዛሬ ነው፣ ፎጣ ይዤ ቆሜ። ከዚያ ደግሞ አሥራ አራት ዓመቷን አሰብኩት... ከተማሪዎቼ ታላላቅ እህቶች አንዷን ታክል ነበር። ሄጄ አንገቷን አቀፍኳት። "መርፌ ይዣለሁ፣ ፈዛዛ!" ብላ ጮኸችብኝ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 5

የድንቢጥን አክስት ትምህርት ቤቱ በር ላይ አገኘኋት። "እናቷ እንዴት ናት?" አልኳት።

"ሐኪሞቹ 'ደህና ናት' ይላሉ፣ 'ቆዩ' ይላሉ... መቼ እንደምትወጣ እነሱም አያውቁም። ልጅቷ ደግሞ አትጠይቀኝም። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።"

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

አምስት ወረቀት አበላሸሁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ! አንዱ ውሸት ሆነ። አንዱ ጨካኝ። አንዱ እንደ ዳይሬክተሩ ማስታወቂያ። ስድስተኛው ላይ እጄ ራሱ የጻፈው መሰለኝ። ትልልቅ ፊደል፣ አጫጭር ቃል። ምን እንዳልኩ እዚህም አልጽፈውም፣ መጀመሪያ እሷ ታንብበው።

እትዬ ቀጭን ጨርቅ ቆርጣ ገጹን መጽሐፉ ላይ ሰፋችልኝ። ሳታነብ። "እኔም ተራዬን ልጠብቅ" አለች።

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ድንቢጥ አገኘችው። መጽሐፉን ደረቷ ላይ አጥብቃ እየሮጠች መጣች።

"ቲቸር፣ ገጹ መጣ! አንብቢልኝ።"

"አይሆንም።"

እንዲህ የከበደ ቃል ከአፌ ወጥቶ አያውቅም።

"እሺ ገብታለች?"

"ገጹ ላይ አለ፣ የኔ እናት።"

አኮረፈችኝ። ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዋለች፣ እንደ መጽሐፎቹ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12

ጎበዞቹ ልጆች "እኛ እናንብብልሽ" ሲሏት መጽሐፉን ሹራቧ ውስጥ ደበቀችው። የሷ ነው። እሷ ናት የምታነበው።

ከዚያ አንድ ነገር አየሁ... አንዷን ፊደል በጣቷ ትይዝና ግድግዳው ላይ ወዳለው የፊደል ገበታ ትሄዳለች። ከላይ እስከ ታች ትፈልጋለች። አቻዋን ስታገኝ በሹክሹክታ ጠርታት ትመለሳለች። መንገድ ላይ ስትረሳት ደግሞ እንደገና ትሄዳለች። ምንጣፉና ገበታው መሃል ስትመላለስ ትምህርቱን አቁሜ አየኋት። ሁለት ፊደል፣ በአንድ እረፍት።

ሰኞ፣ ኅዳር 17

ኩርፊያው አለቀ። ጠረጴዛዬ ጋ መጥታ "ይቺ ማናት?" ትለኛለች። የፊደሏን ስም እነግራታለሁ፣ ሌላ ምንም። የመጀመሪያዋን ቃል ጨርሳለች። "ዳክዬዋ"። እሱንማ ከሥዕሉም ታውቀዋለች፣ ግን በጣቷ ነው ያነበበችው። ዓይኗን አየሁ፣ ወረቀቱ ላይ ነው።

ዛሬ ኅዳር አሥራ ሰባት ነው። ሁለት ሳምንት አይሞላም... ይደርስ ይሆን?

ዓርብ፣ ኅዳር 21

ልጆቹ ሜዳ ወጥተው ነበር። ክፍሉ ውስጥ እኔና እሷ፣ የመስኮቱ ብርሃን ምንጣፉ ላይ። ጣቷን አስቀመጠችና ጀመረች። ፊደል በፊደል፣ እየቆመች፣ እየተነፈሰች።

"ዳክዬዋ... ገና... ቤቷ... አል... አልገባችም።"

ቆመች። ምን አደረግኩ? ለምን ገባች ብዬ አልጻፍኩም? ጣቷ ወደ ቀጣዩ መስመር ወረደች።

"መንገዱን... ግን... ታ... ታውቀ... ታውቀዋለች።"

ጣቷን ከወረቀቱ ሳታነሳ ቀና አለች።

"ገና ነው?"

"ገና ነው።"

"መንገዱን ግን ታውቀዋለች።"

"ታውቀዋለች።"

"ማን ነገረሽ?"

"ከቤቷ ተነስታ አይደል የሄደችው?" አልኳት።

አሰበችበት፣ በደንብ አሰበችበት። "እሱስ ልክ ነው" አለችና ወደ ሜዳ ሮጠች። ታለቅሳለች ብዬ ነበር የፈራሁት። ያለቀስኩት እኔ ነኝ።

ሰኞ፣ ኅዳር 24

ዳይሬክተሩ መጡ። አዲስ መጽሐፍ፣ እኔም ገልጬው የማላውቅ። ሦስት መስመር ነው፣ ግን እሷ እስክትጨርስ ሻይ ተጠጥቶ ያልቃል። አንድ ቃል ተሳሳተች፣ ራሷ ተመልሳ አረመችው። እሳቸው ያቺን እርማት ሲሰሙ ነው እስክሪብቶ ያወጡት።

"እየዳኸች ነው" አሉ። "ግን በራሷ ጉልበት ነው።" ስሟን ሰረዙት። ሲወጡ ቅርጫቶቹን አዩ። "ቀለሞቹ ተደበላለቁ እኮ፣ መምህርት?"

"በሌላ መንገድ ነው የተደረደሩት" አልኳቸው። ጥቂት አስበው ሄዱ።

ዓርብ፣ ኅዳር 28

ጠዋት ስገባ ምንጣፉ ላይ ሦስተኛ የመጽሐፍ ማስቀመጫ አለ። ባዶ የጠመኔ ካርቶን። በላዩ ላይ በእርሳስ፣ አንዱ ፊደል ከሌላው ተለቅ ብሎ፣ ተንጋዶ፣ *መንገድ ላይ* ይላል። ማንም አላዘዛትም፣ ማንም አልጻፈላትም። ውስጡ ዳክዬዋ ብቻዋን ነበረች።

እረፍት ላይ አንዱ ልጅ ጀልባ ላይ የቀረውን ልጅ መጽሐፍ አምጥቶ ጨመረ። "ይሄም ያውቃል" አለ። ከዚያ ድመቷ። ከዚያ ፊኛው፣ በእሱ ላይ ክርክር ተነሳ፣ ፊኛ መንገድ ያውቃል ወይ? ድንቢጥ "ነፋሱ ያውቃል" አለችና ክርክሩ ተዘጋ። ስንወጣ ካርቶኑ ሞልቶ ነበር። "አልገቡም" የተባለው ቅርጫት ውስጥ አንድም መጽሐፍ የለም።

አክስቷ በር ላይ ነበረች። "ትናንት ጠየቀችኝ" አለችኝ። "'ከእማዬ ምን ሰማሽ?' አለችኝ። የማውቀውን ነገርኳት። የማላውቀውንም አላውቅም አልኳት። እህል በላች፣ ተኛች።"

ባዶውን ቅርጫት ቤት ወሰድኩት። እትዬ የክር ማስቀመጫ ከቸገራት ቆይቷል።

"ምን ነበረበት?" አለችኝ።

"መንገድ የጀመሩ ሰዎች" አልኳት። ፈዛዛ ብላ ሳቀችብኝና ክሮቿን በቀለም በቀለም እየለየች ደረደረችበት። እኔ መስኮቱ ሥር ተቀምጬ አየኋት። ማንንም አልጠበቅኩም።