ገብስማ እህል እምቢ አለች

ቀየት፣ ግንቦት ፳ ቀን ፲፱፻፶፩ ዓ.ም.

ይድረስ ለእታገኝ፣ ራቤል፣ እናትሽ ቤት።

እንደምን ከርመሻል? የእናትሽ ወገብ እንዴት ሆነላቸው? እኔ ደህና ነኝ እንዳልል ዶሮሽ ትታዘበኛለች፤ ይኸው ከምድጃው ጥግ ሆና እያየችኝ ነው። ገብስማ እህል እምቢ ብላለች፣ እታገኝ። እንዳትሞትብኝ ፈርቻለሁ።

ደብዳቤውን በሰው አላስጻፍኩትም፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ታገሺኝ። አባትሽ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማንበብ አስተምረውሻልና ለብቻሽ አንብቢው።

ያላደረግሁላት የለም። ገብስ በሙቀጫ ፈተግሁላት፤ ወንድ ሙቀጫ ያዘ ተብዬ ሰፈሩ ሳቀብኝ። ቆሎ አላምጬ በመዳፌ ባቀርብላት መዳፌን አየችና ዓይኗን ጨፈነች። ድንጋይ እየገለበጥኩ ትል ስለቅም ጎረቤታችን አየለች ከአጥር ማዶ፣ «አንተ ቅጣው! ሚስትህን እንዲህ ብታጎርሳት መች ትሄድ ነበር?» አለችኝ። ምላሷን ይቁረጠውና እውነቷን ነው። ፌጦ በእንጀራ ለውሼ በግድ ባጎርሳት ፊቴ ላይ ተፋችው። ጓደኛዬ ጌጡ ደግሞ አረቄ ጠብ አድርግላት አለኝ። ጠብ አደረግሁላት፤ የተረፈውን እኔ ጠጣሁና ሁለታችንም ስንፈዝ ዋልን።

ጥፋቱ የኔ ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ባዶውን ጭድ ታቅፋ ቀረች። አየለች፣ «ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከራትና እኔ ቤት ትሰንብት፤ ቦታ ስትለውጥ መታቀፉን ትረሳዋለች» አለችኝ። የአገር ወግ ነው፣ አንቺም ታውቂዋለሽ። በዚያ ውርጭ ነከርኳት። ስትንቀጠቀጥ አንጀቴ አልችል ብሎ በሱፍ ባናሽ ጠቀለልኳት። ከአየለች ቤት በተመለሰች ዕለት ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ያንኑ ባዶ ጭድ ታቀፈች። አልረሳችም። ማንስ ይረሳል?

እኔም የዳግማይ ትንሣኤን ዕለት አልረሳሁም። እንግዶቼ ደጅ ፀሐይ እየሞቁ ነበር፤ አንቺ ወንዝ ወርደሻል፤ ቤት ውስጥ የሚቀርብ አጣሁ። ከሰል ቀብተሽ ያስታቀፍሻትን እንቁላል ከሥሯ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ስሰብረው ጫጩቱ ላባ ማብቀል ጀምሯል። እዚያ ላይ እጄ በተቆረጠ! ግን እንግዳ ፊት ባዶ እጄን መውጣት አፈርኩና፣ ሌላው ደህና ይሆናል እያልኩ ሁሉንም ሰበርኩ። ሁሉንም! እንስራሽን እንዳዘልሽ በሩ ላይ ቆመሽ «ምን አደረግህ?» አልሽ እንጂ ሌላ ምን ቃል ወጣሽ? እኔ ነኝ፣ እፍረቱን በቁጣ ልሸፍን ብዬ፣ «አንቺስ ምን ፈልፍለሽ ታውቂያለሽ?» ያልኩሽ።

ጠበል ለጠበል አብረን ስንዞር «እግዜር ያውቃል፣ አይክፋሽ» እያልኩ ያጽናናሁሽ እኔው ነበርኩ። በዚያው አፌ ተናገርኩት። እንግዶቹ አልሰሙም። አንቺ ሰማሽ።

ሽማግሌዎቹን በእንቁላል ተጣላን ብዬ ነው የላክኋቸው። አባ ገብረ አማኑኤል ሲመለሱ፣ «ለእንቁላል ትዳር ይፈታል ወይ ብንላት አንገቷን ደፍታ ዝም አለች። ግትር ናት» አሉኝ። ቃሌን ሳትናገሪብኝ ቀረሽ። እኔ ደግሞ ግትር ስትባዪ ተቀምጬ ሰማሁ፣ ትንፍሽ አላልኩም። ከቃሉ ይልቅ ይኸኛው ነው እንቅልፍ የነሣኝ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ይላል ያገሬ ሰው። እኛ የወለድነው የለን፤ ምነው የተናገርኩት በጠፋልኝ!

ትናንት ከአየለች እንቁላል ለመንኩ፤ እሷ አውራ ዶሮ አላት። እንዳንቺ ከሰል ቀብቼ ከገብስማ ሥር አኖርኩላት። ብዙም ተስፋ አላደረግሁም ነበር።

ቆይ፣ እታገኝ። አሁን ይህን ስጽፍ ተነሣች። ወደ ገብሱ ሄደች። እየለቀመች ነው! አንዴ ቀና ብላ አየችኝና ደግማ ለቀመች። ቶሎ ቶሎ በላችና ተመልሳ ታቀፈች።

አይ ገብስማ፣ ደብዳቤዬን አበላሸችብኝ! «ዶሮሽ ልትሞት ነውና ድረሺ» ብዬ ልጨርሰው ነበር። በዶሮ ማመካኘት ቀረ። እኔ ነኝ ነይልኝ የምልሽ። ይቅር በይኝ።

ብትመጪም ባትመጪም፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹን ሰብስቤ ያልኩሽን ቃል እንዳለ እነግራቸዋለሁ። ግትር መባልሽ ይብቃ።

ጫጩቶቹ ለሰኔ ሚካኤል ይወጣሉ። እስከዚያ እንግዳ ቢመጣ ቆሎ ይቆርጥማል።

የእናትሽን ጉልበት ሳሚልኝ። እመቤቴ በሄድሽበት አትለይሽ።

ባልሽ ልበል አልበል እያልኩ፣
ቅጣው