ይነበብ ያልኩት ታሪክ

ሚያዝያ 3 ቀን 1965 ዓ.ም.
መርሳ። ሙቀት። ሦስት ክፍል አስተማርኩ፣ ጠመኔ አለቀ። የሳምንቱን «ይነበብ» ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ሁለት አጭር ታሪክ፦ ጊዜን ወደ ኋላ ስላስኬደው ሰዓት ሠሪና ዝናብ ስለሚጠራው መኪና። አሜሪካዊው የሰላም ጓድ መምህር ጥሎት ከሄደው የመጽሔት ሳጥን ነው የምተረጉማቸው። ከሥሩ «ይህን ሳያነብ የሚተኛ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ብዬ ጨመርኩ። ጉራዬ!

የቢሮ ጸሐፊያችን እልፍነሽ የማባዣውን ስቴንስል በታይፕ ስትመታ፣ «ልብ ወለድ የሚለውን ዘለልከው እኮ።»
«ተይው፣ ድምቀቱን ይገድለዋል።»
«አንተ መቼስ...» ሳቀች። ቅጂዎቹ ላይ ማኅተም አሳረፈች። ከቢሮ ለሚወጣ ወረቀት ሁሉ ደንቡ ነው።

ሚያዝያ 12
ቅጂው አለቀ! የማታ ተማሪዬ ዘይነባም ወሰደች። ፊደል ከቆጠረች ዓመት አልሞላትም፣ ለባሏና ለጎረቤት ጮክ ብላ ታነባለች አሉ። ደስ አለኝ። ቀጥሎ ምን ልምረጥላቸው? የጨረቃውን? ወይስ የሚናገረውን ዛፍ? ቁጭ ማለት አቃተኝ።

የበልጉ ዝናብ ግን እንደቀረ ነው...

ግንቦት 1
ገበያ ላይ ዘይነባን አገኘኋት። ፊቷ በርቷል።
«መምህር፣ ዘራነው እኮ!»
«ምኑን?»
«ማሽላውን። ለዘር የቀረችንን ሁሉ። ባለቤቴ በደረቁ በተነው። መኪናው ዘርቶ ለሚጠብቅ መንደር ብቻ ነው የሚያዘንበው ይል የለ?»
ክው አልኩ። እውነትም እንዲያ ይላል።
«መቼ ይደርስ ይሆን?»
«እንጃ» አልኳት። እንጃ! ምን ዓይነት መልስ ነው?

ግንቦት 2
አንድ ቃል። ራሴ ያስቀረኋት አንድ ቃል።

ግንቦት 6
እልፍነሽን አማከርኩ።
«ሂድና ንገራቸው።»
«ቢጠሉኝስ?»
«ይጥሉሃ! ዘራቸው ነው እኮ የሄደው።»
አልሄድኩም። ወጣሁ፣ ገባሁ፣ ሰማዩን ሳይ ዋልኩ። አንድ ቀን ቢዘንብ ማን ይጠይቀኛል? ...ፈሪ።

ግንቦት 9
ሄድኩ። የዘይነባ ባል ሙሄዲን ዋናው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ከወልድያ የሚመጣውን ጭነት መኪና ሁሉ ያያሉ። ያ ሽበታም ሰውዬ... እንዴት ልጀምር?

«አባባ፣ መኪናው የለም። ሰው ከልቡ የፈጠረው ነው። ልብ ወለድ የሚለውን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።»
ዓይናቸውን ከመንገዱ አንሥተው ወደ እኔ ዞሩ።
«ማኅተም አርፎበት?»
«አዎ።»
«ወላሂ፣ እኔ ማኅተሙን አይቼ ነው የዘራሁት።»
ዘሩን ልተካ አልኩ። «ዘር ከየት ታመጣለህ ልጄ? ሀብሩ ወረዳ ውስጥ ማን ዘንድ ቀረ?» ተነሡና ሄዱ። አልተሳደቡም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሰኔ 3
አልዘነበም። የማታው ክፍል ግማሹ ባዶ። ግድግዳው ላይም ምንም ከለጠፍኩ ሳምንታት ሆነኝ። ምን ብዬ? እንቅልፍም የለኝ።

ሰኔ 14
ጠዋት ዘይነባና ሙሄዲን ትምህርት ቤቱ በር ላይ። ዕቃቸውን አህያ ላይ ጭነዋል። ማሽላው አልበቀለም። ወደ ደሴ ሊሄዱ ነው፣ ከዚያ ወዲያ አላህ ያውቃል አሉ። ዘይነባ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ከንባብ ብዛት ጠርዙ አልቋል።

«ሌላ ይምረጡልኝ መምህር። ረዘም ያለ። መንገዱ ሩቅ ነው።»
«ውሸት ናቸው እኮ፣ ዘይነባ!»
የመለሱልኝ ሙሄዲን ናቸው። «ስጣት ልጄ። እውነቱንማ እያየነው ነው።»

እንባዬ መጣ። አፈርኩም። መምረጥ አቃተኝ፤ ሳጥኑን ዘርግፌ የተረጎምኩትን ሁሉ አወጣሁ። ቆዩኝ ብዬ በእያንዳንዱ ራስ ላይ «ልብ ወለድ» እያልኩ ጻፍኩ። ስቸኩል ፊደሉ ተበላሸ።

«ይነበባል» አለችኝ፣ ተቀብላ በነጠላዋ እየቋጠረች።