በቴሌቪዥን ያልታየው ክፍል

ናዝሬት፣ ሚያዝያ 1 ቀን 1976 ዓ.ም.

እማዬ፣

ከሩቅ ሆኜ ጉልበትሽን እስማለሁ። ጾሙ እንዴት ይዞሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለፈው የመጣልሽን ቅባት ማታ ማታ መቀባት እንዳትተዪ። እኔም ልጆቹም ደህና ነን። ሙቀቱ ጀምሯል፤ ከሥራ ስወጣ አስፋልቱ ጫማዬን ይይዘዋል። ትንሿ በየቀኑ አንቺን ታነሳለች፤ ነገሌ የምትሄድበትን ቀሚስ ለብቻው አስቀምጣለች።

ይህ ደብዳቤ በፖስታ አልመጣም። ያመጣልሽ ሰው መርዳሳ ይባላል፤ መቂ ላይ ሽንኩርት የሚያስጭን ደላላ ነው፤ ለእህል ጉዳይ ነገሌ ስለሚወርድ አደራ ሰጥቼዋለሁ። ለማንም አታስነብቢው። ፊደሉን ትልልቅ አድርጌ የጻፍኩት አንቺው ቀስ ብለሽ እንድታነቢው ነው። መሠረተ ትምህርት ስትማሪ፣ በዚህ ዕድሜዬ ማን ሊጽፍልኝ ነው ብለሽ ስቀሽ ነበር። ይኸው እኔ ጻፍኩልሽ።

የመጨረሻው ቃልሽ ከደረሰኝ ጀምሮ እንቅልፍ አልነበረኝም። ከተወሰደ ሦስት ዓመት ሞላው፣ ወሬው ካልተሰማ ልጄ የለም ማለት ነው፣ ከፋሲካ በኋላ እርሜን አወጣለሁ፣ ቄሱንም አነጋግሬያለሁ ብለሽ ነበር። መልሴ የዘገየው የምለው ስላጣሁ ነው። ተዪው እንዳልልሽ የያዝኩት ነገር የለም። አድርጊው እንዳልልሽ አፌ እምቢ አለኝ። ዛሬ የምለው አግኝቻለሁ። ከመጀመሪያው ልንገርሽ፣ ታገሺኝ።

እሁድ እሁድ ወይዘሮ መሰለች ቤት እንደምንሰበሰብ ታውቂያለሽ። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያላት እሷ ናት። «እነ አቶ ፈጠነ» የሚባለው የቀልድ ድራማ ካለቀ ቆይቷል፤ ወዳጆቹ ግን አልተበተንም። ስርጭቱ እስኪጀመር አግዳሚው ላይ ተደርድረን ከድራማው አንዱን ክፍል እናነሳለን፤ ከዚያ እያንዳንዱ፣ እኔም እንዲህ ሆኜ አውቃለሁ እያለ የራሱን ያመጣል። አቶ ፈጠነ የጎረቤቱን ሱሪ ተውሶ ለቅሶ የሄደበት ክፍል ሲነሳ፣ ልብስ ሰፊው ሽኩር የደንበኛውን ኮት ለብሶ ሠርግ መሄዱንና ከባለኮቱ ጎን መቀመጡን ይነግረናል። መቶ ጊዜ ነግሮናል። መቶ ጊዜ ስቀናል። ወንድሜም ከመወሰዱ በፊት እዚያው አግዳሚ ላይ ይቀመጥ ነበር፤ አቶ ፈጠነን ከነአረማመዱ ያስመስለው ነበር። ስሙን እዚህ አልጽፈውም።

ባለፈው ሳምንት የመሰለች ባል ጋሽ ሰብስቤ ከእስር ተፈቱ። አምስት ዓመት ነው። የታሰሩት ወንድሜ ናዝሬት ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ አይተዋወቁም። ሰፈሩ እንኳን ለቤትዎ አበቃዎ ለማለት ሲገባ ሲወጣ ሰነበተ። ስለዚያ ቦታ ግን የጠየቃቸው የለም። የሚወጣ ሰው መልእክት እንዳይዝ፣ ያየውንም እንዳያወራ አስጠንቅቀውት እንደሚለቁት ሁላችንም እናውቃለን።

ትናንት ትንሽ ዘግይቼ ደረስኩ። መሰለች በር ላይ ተቀበለችኝና፣ «ወይ አንቺ፣ ባለቤቴ ጨዋታ አለኝ ብሎ፣ ሰው ይሙላ እያለ አስጠበቀን» አለችኝ። ገብቼ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ጋሽ ሰብስቤ ከስተዋል፤ ሸሚዛቸው የሌላ ሰው ይመስላል። እኔ ስቀመጥ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እነ አቶ ፈጠነን እኔም አውቃቸዋለሁ አሉ። በነበሩበት ቦታ ድራማውን በቃሉ የሚተርክ አንድ ሰው አለ፤ ከምሳ በኋላ ባልየውንም፣ ሚስትየውንም፣ ጎረቤቱንም ሆኖ ይጫወታል። በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሁሉም ፈጠነ ነው የሚለው። «እናንተ በዓይናችሁ ያያችሁትን እኔ በጆሮዬ ነው ያየሁት» አሉና ከሁሉ አብልጠው የወደዱትን ክፍል ጀመሩልን።

የጎረቤት አውራ ዶሮ ይጠፋል። እነ አቶ ፈጠነ ቤት በገዛ እግሩ ገብቷል፤ የሰረቀው የለም። ሚስትየው ግን ጎረቤቱ ሲመጣ ስታይ ትደነግጥና ዶሮውን ቁም ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። ቁልፉ ስለማይሠራ በሩን በጨርቅ ቁራጭ ታስረዋለች። ባልየው ይህን አያውቅም፤ ግባ፣ ተቀመጥ እያለ ሰውየውን ያስገባዋል። አረፍ ከማለቱ ዶሮው ከውስጥ ይጮኻል። ሚስትየው እጇን በቀሚሷ ጫፍ ትጠርግና ፊቷ ሳይለወጥ፣ «ሬዲዮው ነው» ትላለች። ባልየው ዞር ብሎ፣ «ሬዲዮ አለን እንዴ?» ይላል። ጎረቤቱ ብድግ ይልና፣ በሉ ይህን ሬዲዮ ለፋሲካ አርዳችሁ ጥሩኝ፣ አብረን እንሰማዋለን ብሎ ይወጣል።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሳቁ ሲበርድ መርዳሳ፣ «ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ ክፍል የለም» አለ። መኪና ሳይሞላ ጥሎ እየመጣ ድራማውን ሲከታተል እንደነበር፣ አንድም ክፍል እንዳላመለጠው ተናገረ። ሽኩርም ደገፈው። መሰለች መርዳሳን፣ አንተ ሽንኩርትህን ጫን፣ ሰው በጆሮው የሰማውን የለም ትላለህ እንዴ ብላ ጮኸችበት። መርዳሳ በእናቱ ማለ። ጋሽ ሰብስቤ አልተቆጡም። ወደ ግድግዳው ደገፍ ብለው፣ «እንግዲህ የታየበት ቤት ያውቀዋል» አሉ። ይህን ሲሉ ሁሉንም በየተራ አዩ፤ እኔን ግን አላዩኝም።

እማዬ፣ እዚህ ስትደርሺ እጅሽን በቀሚስሽ እንደጠረግሽ አውቃለሁ። ያን ቀን ጎረቤታችን ኦቦ ጎበና ዶሯቸውን ፍለጋ ሲገቡ እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ፤ ወንድሜም ከጎኔ ሳቁ እንዳያመልጠው አፉን በሁለት እጁ ይዞ። አባባ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሬዲዮ አለን እንዴ ሲል ልጅሽ በሳቅ መጋረጃውን ይዞት ወደቀ። አንቺ እፍረት ነው፣ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ ብለሽ አስምለሽን ነበር። እኔ ለባሌ እንኳ አልነገርኩም።

ወደ ጓሮ ወጣሁ። መሰለች ውሃ ይዛ ተከተለችኝ። ምን ሆንሽ አላለችኝም። ፊትሽን ታጠቢ፣ ሰው ከጠየቀሽ በሳቅ ብዛት ነው በይ አለችኝ። ስንለያይ ጋሽ ሰብስቤን አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኳቸው፤ ያ ተራኪ ጤናው እንዴት ነው አልኳቸው።

«ከስቷል፤ ግን ከእኔ አይብስም። ድምፁ ግቢውን ይሞላል። የወጣሁ ዕለት እንኳ ሲተርክ ትቼው ነው የመጣሁት» አሉኝ። ቀጥለውም፣ «የዶሮውን ክፍል እንዳትረሳ ብሎኛል» አሉ። እቤት ገብቼ እስኪነጋ ተኛሁ። እንዲህ ከተኛሁ ስንት ጊዜዬ።

ስለዚህ እማዬ፣ ቄሱ ጋ ሂጂና ነገሩ ይቆይ በያቸው። ምክንያቱን አትንገሪያቸው፤ ገንዘብ አልሞላልኝም ብትዪ ይበቃል። ብቅሉንና ጌሾውን እንዳትሸጪው፣ ከነቀዝ ጠብቀሽ አስቀምጪው፤ ለሌላ ቀን እንፈልገዋለን። ያን ቁም ሳጥንም እንዳታስጠግኚው፤ እንዳለ ይቆይ።

ዛሬ ጠዋት መርዳሳ ደብዳቤ ካለሽ ማታ እወስዳለሁ ሊለኝ ሲመጣ ገና ክርክሩ አልለቀቀውም። በየደረስኩበት እጠይቃለሁ፣ እናትሽንም ሳልጠይቅ አልመለስም አለኝ። ከጠየቀሽ እጅሽን ጥረጊና፣ ቴሌቪዥን የት አይቼ በይው።

ለፋሲካ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ አምላክ በጤና ያቆይሽ፤ ያስለቀሰሽን ዓመት በሚያስቅሽ ይካስሽ።

ከሁለቱ ልጆችሽ አንዷ