አራተኛዋ ተሸካሚ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እናቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እማዬ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽ ይህን ክረምት እንዴት ቻለው? ስኳርሽስ? ኮምቦልቻ ዝናቡ በረታ ሲሉ ከሰማሁ ወዲህ ሐሳቤ ሁሉ ጣሪያሽ ላይ ነው። እኛ አልሐምዱሊላህ፣ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም። ስልክ በደወልኩ ቁጥር እየሰገደች ነው፣ ተኝታለች እባላለሁ። ብዕር ያነሳሁትም ለዚሁ ነው። እህቴ ረይሀና ታንብብልሽ፤ አንቺም ወጡ አረረ ብለሽ መሀል ላይ እንዳትነሺ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ለአረፋ መጥተሽ ስትሰነብቺ ሳሎናችን ውስጥ ያየሽው ብረታ ብረት ለቅሜ ያመጣሁት አይደለም። ሰዓት ከምጠግንባት ሱቄ ወረድ ብሎ፣ አትክልት ተራ አካባቢ፣ በርሄ የሚባል ቀራፂ ወዳጅ አለኝ። አሮጌ ፒስተን አቅልጦ፣ ከፈረሰ ቤት በወጣ ፌሮና ቆርቆሮ፣ በተጣለ ኩሽኔታ ምስል ይሠራል። ከአንዱ ዓይነት ስድስት ብቻ ያወጣና ቅርጽ ማውጫውን በመዶሻ ያደቀዋል። ሰባተኛ ሥራልኝ ብለው ቢለምኑት አይሰማም። ከእያንዳንዳቸው ሥር ስንተኛ እንደሆኑ ቁጥር ይመታል። እኔም ሌላው ኳስ ሲያሳድድ፣ በአራት ዓመት ውስጥ አንድ አንድ እያልኩ አምስት ሥራዎቹን ሰብስቤያለሁ። ባለቤቴ ዐፊፋ እንኳ መጀመሪያ ላይ ጤንነቴን ተጠራጥራ ነበር። ያቺ የቲማቲም ሣጥን የተሸከመችው ሴት፣ እግሯ ዝገት የበላው ፌሮ የሆነው፣ ከስድስቱ አራተኛዋ ነበረች።

አንቺ ይህን በምን ታውቂያለሽ? ልጄ ብረት ለቅሞ አዳሪ ሆነ፣ ለእናቱ መናገርም አፈረ ብለሽ ለብቻሽ አለቀስሽ አሉ። በተጓዝሽበት ቀን ጠዋት፣ እኛ ሥራ ወጥተን ሳለ፣ አሮጌ ዕቃ በፕላስቲክ ዕቃ የሚለውጠው ሰውዬ ልዋጭ እያለ በደጅ ሲያልፍ ጠራሽው። ተከራክረሽ ተከራክረሽ ተሸካሚዋን በሁለት ትልልቅ ሳፋ ለወጥሻት። ሌሎቹን ያዳናቸው የመደርደሪያው ቁመት ነው። ሳፋዎቹ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጠንካሮች ናቸው።

ማታ ባዶ ቦታዋን አየሁ። በማግስቱ ለረይሀና ደውዬ የጮህኩትን ሁሉ አንቺ አጠገቧ ተቀምጠሽ እንደሰማሽው ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። እናቴ ቤቴን አራቆተችው ያለ ምላሴ ይቆረጥ!

ከሦስት ቀን በኋላ ዐፊፋ የስኳሩን ቆርቆሮ ስትከፍት የመሀረብ ቋጠሮ አገኘች። ስንፈታው አባቴ ለኒካሕ የሰጠሽ የወርቅ ቀለበት ነው። አርባ ዓመት ከጣትሽ ወርዶ አያውቅም። አባቴ ሲሞት እንኳ አላወለቅሽውም። ቸገረው ብለሽ ለእኔ ትተሽው ሄድሽ። እማዬ፣ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ወዲያው ስልኬን አነሳሁ፤ አንቺ ግን ያኔ መስገድ ጀምረሽ ነበር።

ተሸካሚዋ ተገኝታለች፤ ስለ እሷ ልብሽ ይረፍ። በርሄ ብረት የሚገዛው መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ዕቃ ክምር ነው። ባለፈው ሳምንት ፌሮ ሲመርጥ የገዛ ሥራውን ከተሰበረ ምድጃ ሥር አያት። ገልብጦ ቁጥሯን ሲያነብ አራተኛዋ! ሻጩ በነፃ ከምሰጥህ ሞቼ እገኛለሁ ስላለ የራሱን የእጅ ሥራ በኪሎ አስመዝኖ ገዛት። በዝናብ ተሸክሟት ሱቄ ሲገባ ሳቁ አላስወራው ብሎ፣ እናትህ ከባዷን መርጣ የሸጠችው ብረት ብታውቅ ነው አለኝ። አንድ ክንዷ ተጣሟል። ላቅናው ቢለኝ ተው አልኩት። ባየኋት ቁጥር አፌን እንድሰበስብ እንዲያው ትቆይ።

እማዬ፣ አመሰግንሻለሁ። የደኸየ የመሰለሽን ልጅ አልጠየቅሽውም፣ አላሳፈርሽውም፤ ጣትሽን ባዶ አድርገሽ ሄድሽለት። እኔ ደግሞ ስለ ብረት ብዬ ጮህኩብሽ። አፉ በይኝ። ቀለበትሽን በሰው እጅ አልልከውም። ለመውሊድ ነይና እኔው በጣትሽ ላጥልቀው። አልመጣም ብትዪኝ ሱቄን ዘግቼ ደጅሽ ላይ እቀመጣለሁ፤ ግትርነቱን ካንቺ ነው የወረስኩት።

ረይሀናን ስላነበበችልሽ አላህ ይስጥልኝ በያት፤ ሳቋን ግን ትቀንስ። ባሏን አብዱረህማንን፣ መንትዮቹን፣ ማታ ማታ የሚያጫውቱሽን ጎረቤቶችሽን ሁሉ በየስማቸው ሰላም በይልኝ። ዐፊፋ ጉልበትሽን ስማለች። ልጄ ኢክላስ ከሁለቱ ሳፋዎች አንዱ ውስጥ ተቀምጣ አያቴ መቼ ነው የምትመጣው እያለች ነው።

ስትመጪ ቤቱን እንደ ልማድሽ አጽጂ፤ የፈለግሽውንም ለፈለግሽው ለውጪ። የበርሄ ሥራ ስድስት ስድስት ነው፤ አንቺ ግን አንድ ነሽ።

ልጅሽ ኢህሳን
ፒያሳ፣ አዲስ አበባ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.