ኬክ የሚሸተው ሻይ

እማ፣

ከኅዳር እስከ መስከረም ቆጠርኩት፤ ከተለየሽኝ አሥር ወር ሞላ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንዲት መስመር አልጻፍኩልሽም። የምጽፈው አጥቼ አይደለም፣ ፈርቼ ነው። ዛሬም የምጽፈው እየፈራሁ ነው። እጄ ስለሚንቀጠቀጥ ፊደሎቼ ተጣመዋል። ብታያቸው፣ "ዩኒቨርሲቲ የላክሁሽ እንዲህ ልትሞነጫጭሪ ነው?" ብለሽ ትስቂብኝ ነበር።

ሌላ ሰው ፊት አልፈራም። የልኬት ሰዎች ገመዳቸውን ይዘው ላይኛው ማሳችን የገቡ ቀን ችካላቸውን ነቅዬ እጃቸው ላይ መልሼ ያስያዝኳቸው እኔ ነኝ። ሰፈሩ እስከ ዛሬ "የአዴ ብርቄ ልጅ ሲፈን ደፋር ናት" ይላል። ስፈራ የምታውቂኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። ስፈራ ብዙ እንደማወራም ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ዛሬ ብዙ ባወራ ታገሺኝ።

ቤቱ እንደተውሽው ነው። ክረምቱ ላይ ጓዳው ሲያፈስ ጎረቤታችን ኦቦ ገመቹ ሳልጠራቸው መጥተው ቆርቆሮ ደረቡልኝ። ላማችን ቡሬ ወልዳለች፤ ጥጃዋ እንደ እናቷ ግትር ናት። ማሳችንን ለከተማ የሚወስደው ማስተር ፕላን ቀርቷል ተብሎ በሬዲዮ ተነገረ። ያን ቀን ሰው መንገድ ላይ ተቃቅፎ አለቀሰ። ችካሎቹ ግን ሬዲዮ አይሰሙም፤ ሁለተኛ ጊዜ ተተክለው አሁንም እዚያው ናቸው። ገብሱ በመካከላቸው በቅሎ ወገቤ ደርሷል። ዘንድሮ አምሮበታል እማ። ሊደርስ ሁለት ወር አልቀረውም። ከፉሪ እስከ ሰበታ ያለው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል። የከባድ መኪና ድምፅ ከሩቅ ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ በሩን እቀረቅራለሁ። ከዚያ ቆሜ አዳምጣለሁ። ካለፈ በኋላም አዳምጣለሁ።

ብልቃጦቻችን መደርደሪያው ላይ አሉ። ባዶ የማርማላታ ብልቃጥ ከየቤቱ ለምነሽ የሰበሰብሽልኝ፣ አሥራ ስድስቱም፣ ቁጥራቸው እንደተለጠፈባቸው።

ስኳር አለብሽ የተባልሽበትን ቀን አስታውሳለሁ። መርፌው አላስፈራሽም፤ ያስለቀሰሽ ኬክ ቀርቷል መባሉ ነው። ሰበታ ገበያ በወጣሽ ቁጥር ኬክ ቤቱ ገብተሽ፣ ሰው እንዳያይሽ ጥግ ይዘሽ ቆመሽ፣ ክሬም ያለበት የቸኮሌት ኬክ የምትበዪ ሴት ነበርሽ። ነጠላሽ ላይ በቀረው ክሬም ሁልጊዜ እንደያዝኩሽ ነው። እኔ ደግሞ ያኔ ሻይ ማሸጊያ ፋብሪካ ተቀጥሬ ቅመም የተቀላቀለ ሻይ መቅመስ እየተማርኩ ነበር። ኬክ የሚሸት ሻይ እንሥራ ብዬ ሐሳብ ባቀርብ አለቃዬ ሳቀብኝ። እኔም ለሱ አልሠራም ለእናቴ እሠራለሁ ብዬ ወደ ቤት መጣሁ።

እሑድ ከሰዓት ጠረጴዛው ላይ ስድስት ስኒ እደረድር ነበር። የሙዝ ዳቦ የሚሸተው፣ ቸኮሌት የሚሸተው፣ ቦምቦሊኖ የሚሸተው። የሻይ ቀማሽ ሻዩን በማንኪያ አንስቶ ድምፅ እያሰማ ይስበዋል፣ አፉ ውስጥ ያዞረዋል፣ ከዚያ ይተፋዋል። መጀመሪያ ሳደርገው ስታዪ እንዴት እንደጮህሽ! "ሳታሰሚ ጠጪ እያልኩ ሃያ ዓመት ያሳደግሁሽ ለዚህ ነው? ደሞ ትተፋዋለች! እንግዳ ቢያይሽ ምን ይላል?" አንቺ አንዱንም አልተፋሽም። ስድስቱንም ጠጥተሽ፣ አፍሽን በእጅሽ ጠርገሽ፣ ዳኛ ሆነሽ ትፈርጂ ነበር። "ይሄ ሳሙና ነው። ይሄ የሠርግ ቤት ነው። ይሄ ደግሞ ኬክ ቤቱ ሲዘጋ ነው፣ ደርቋል።"

ቁጥር ሰባትን ግን ወደድሽው። ጥቁር ሻይ፣ ጠቆር እስኪል የተቆላ የራሳችን ገብስ፣ ቀረፋ፣ ቫኒላ፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ። ሲፈላ ቤቱ በሙሉ ከምድጃ የወጣ ኬክ ይሸታል። ስኒውን አፍንጫሽ ሥር ይዘሽ ዓይንሽን ትጨፍኛለሽ። ከዚያ ትጠጪና፣ "ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አፍንጫዬን አብልተሽ ሆዴን አስራብሽው" ትይኛለሽ። ሁልጊዜ። እኔም ሁልጊዜ እስቅ ነበር።

አንድ ጊዜ የኛ ገብስ እንዳያልቅ ብዬ ከገበያ የገዛሁትን ቆልቼ ሠራሁት። አንድ ጊዜ ብቻ ፉት ብለሽ ስኒውን አስቀመጥሽ። "ይሄ የላይኛው ማሳ አይደለም። ውኃ የተኛበት መሬት ነው ያበቀለው።" ደመወዝ ከሚከፈላቸው ቀማሾች አንድም እንዲህ የሚለይ አላየሁም።

አሁን የፈራሁት ቦታ ደረስኩ።

ክሊኒክ ያለችው ነርስ የነገረችንን ታስታውሻለሽ? "መርፌ ተወግታ ሳትበላ ከቆየች ስኳሯ ድንገት ሊወርድ ይችላል። ካንቀጠቀጣት፣ ካላባት፣ ቶሎ ጣፋጭ ነገር ስጫት፤ ከረሜላ ከቤት አይጥፋ።" ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ከሥሩም አስምሬበታለሁ። ግን ለክፉ ቀን ያስቀመጥኩትን ከረሜላ በሦስት ቀን ጨረስሽው። ሌላ ገዛሁ፣ እሱንም ጨረስሽ። ተናደድኩና የቀረውን ለሰፈር ልጆች በተንኩ። የስኳር ቆርቆሮውንም ገለበጥኩ። ቤታችን ውስጥ አንድ ማንኪያ ስኳር እንዳይገኝ አደረግሁ፤ ደግሞም ኮራሁ። የተማርኩ ነኛ።

ያን ቀን ጠዋት መርፌሽን ወጋሁሽ። ቁርስ ሳላቀርብልሽ ከዋናው መንገድ በኩል ተኩስ ተሰማ። ከመስኮቱ ሸሽተን ግድግዳው ሥር ተቀመጥን። ሰው ይሮጣል፣ ሴቶች ይጮኻሉ፣ የሚነድ ጎማ ይሸታል። "ብዪ" ብልሽ "በዚህ ሰዓት ምኑ ይወርድልኛል" አልሽኝ። እኔም እውነትሽን ነው ብዬ ተውኩሽ። ወደ ቀትር ተንቀጠቀጥሽ። ግንባርሽ ላበው። እማ፣ እኔም እኮ እየተንቀጠቀጥኩ ነበር! እኔንም አልቦኝ ነበር። ፈርተሽ መሰለኝ። እጅሽን ይዤ "አትፍሪ፣ አሁን ያልፋል" አልኩሽ። ሁለት እጅ አብሮ ሲንቀጠቀጥ የትኛው ከፍርሃት፣ የትኛው ከስኳር እንደሆነ አልለየሁም። ገብስ ከገብስ የምትለይ እናት ልጅ ሆኜ ይሄን አልለየሁም።

እንድትረጋጊ ብዬ ቁጥር ሰባትን አፈላሁልሽ።

ግማሹን ጠጣሽ። "ጣፈጠኝ" አልሽ። ምንም ጣፋጭ አልነበረውም እማ። አውቀሽኝ ያልሽኝ የመጨረሻ ቃልሽ ይሄ ነው። ልታጽናኚኝ ያልሽው ይሁን፣ አፍንጫሽ አታሎሽ ይሁን፣ አላውቅም። ከዚያ በኋላ አንደበትሽ ተሳሰረ፣ በእህትሽ ስም ጠራሽኝ፣ ራስሽን ሳትሽ።

ኦቦ ገመቹና ልጃቸው ለሚ ጩኸቴን ሰምተው ገቡና በአልጋ ቃሬዛ አንስተው አወጡሽ። አስፋልቱ በድንጋይ ተዘግቷል። መንገዱን ከዘጉት አንዱ ለሚ ነው፤ አብሮኝ የተማረው ለሚ። ቃሬዛውን አስቀምጦ፣ ራሱ ያንከባለለውን ድንጋይ በራሱ እጅ መልሶ አንከባለለና አሳለፈን። ድልድዩ ላይ ስንደርስ ወታደሮች "ተመለሱ" አሉን። እናቴ ናት፣ ታማለች አልኩ። ጮህኩ። አንዱ መሣሪያውን ደረቴ ላይ ደገነብኝ። በወንዙ በኩል ዞረን፣ ጭቃውን እየረገጥን ክሊኒኩ ስንደርስ ትንፋሽሽ የለም።

ነርሷ፣ ያቺው ነርስ፣ "ጣፋጭ ነገር ሰጥታችኋት ነበር?" ብላ ጠየቀች። ኦቦ ገመቹ ቤት ሲገቡ ከስኒው ያሸተቱትን አስታውሰው መሰለኝ፣ "አዎ፣ ሻይ ጠጥታለች፤ ኬክ ኬክ የሚል" አሉ። ነርሷ እኔን አየችኝ።

ዝም አልኩ።

ያ ዝምታ አሥር ወር ሆነው። ቀብርሽ ላይ ሰዉ ወታደር ገደላት አለ፤ ዝም አልኩ። ፎቶሽን ይዘው ሰልፍ ሲወጡ አብሬ ወጥቼ ከሁሉም በላይ ጮህኩ፤ የምጮኸው እውነቱ ከውስጤ እንዳይሰማ ነበር።

አሁን ደግሞ ወረቀት መጣ። ባለፈው ሳምንት ከወረዳ የተላከ አንድ ከረባት ያሰረ ሰው በሬን አንኳኳ። ትሑት ነው፣ "እህቴ" ነው የሚለኝ። ወረቀቱ ላይ ስምሽ፣ በምስክርነትም ስሜ አለ፤ ከሥሩ መንገድ ዘግተው ለሞትሽ ምክንያት ሆኑ የተባሉ የሰባት ወጣቶች ስም ተደርድሯል። የመጀመሪያው ለሚ ገመቹ ነው። ከነሐሴ ጀምሮ ታስሯል፤ የጎደለው ምስክር ብቻ ነው። ድልድዩ፣ ወታደሮቹ፣ ደረቴ ላይ የተደገነው መሣሪያ ወረቀቱ ላይ የሉም። "የተማርሽ ነሽ፣ ይገባሻል" አለኝ። "ሰኞ በወረዳው ስብሰባ ላይ በሕዝብ ፊት ትፈርሚያለሽ። ከዚያ ላይኛው ማሳሽን የሚነካው የለም። ካልፈረምሽ ግን እኔም ልረዳሽ አልችልም።" ሲወጣ ብልቃጦቹን አይቶ "ምንድን ናቸው?" አለ። "ሻይ" አልኩት። ለማሽተት ክዳን አነሳና ፈገግ አለ። ቁጥር ሰባት ነበር። የነካውን ብልቃጥ ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

ኦቦ ገመቹ ስለ ወረቀቱ ይወቁ አይወቁ አላውቅም። በማግስቱም መጥተው የቡሬን ገመድ አጠበቁልኝ። ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ልፈርም ነበር። ገብሱን አየሁ፣ ችካሉን አየሁ፣ መንገዱን እኮ በእርግጥ ዘግተውታል አልኩ። ጥፋቱ የሌላ ሰው ስም ካገኘ የኔ ስም የሚያርፍ መሰለኝ።

ቅዳሜ ስኳር ልገዛ እትዬ ዘይነባ ሱቅ ሄድኩ። አሁን ስኳር ከቤቴ አይጠፋም። እየመዘኑልኝ በወሬ መሐል፣ "እናትሽ እኮ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁለት ከረሜላ ትወስድ ነበር። ለሲፈን ብትነግሪ ደንበኝነታችን ያበቃል ትለኛለች! ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ፣ እንደ ሌባ ግራ ቀኙን አይታ ነው የምትወጣው" ብለው ሳቁ። አብሬ ለመሳቅ ሞከርኩ። ስኳሩን ሳልይዝ ወጣሁ፤ ከኋላዬ ጠርተው ሰጡኝ።

የሞትሽ ቀን የለበስሽውን ነጠላ ሳላጥበው ሣጥን ውስጥ አጥፌ አስቀምጬው ነበር። ጫፉ ላይ ቋጠሮ አለ። ለመፍታት ጥርሴን ተጠቀምኩ። አንድ ከረሜላ። ወረቀቱ ቆሻሻ ይዟል፣ ግን አልተፈታም። ከእጄ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነበር እማ። ከኔ ደብቀሽ፣ ራስሽ ላይ አስረሽ።

መሬት ላይ ተቀምጬ እስኪመሽ አለቀስኩ። ስነሳ ግን መፈረም እንደማልችል አወቅሁ። ለሚ አልገደለሽም። ወታደሩ መንገድ ከልክሎሻል፣ ያንን ማንም አያስተወኝም፤ ሰኞም እናገራለሁ። እኔም ስኳር የሌለው ሻይ አጠጥቼሻለሁ፤ ያንንም እናገራለሁ። የነሱ ጥፋት የኔን አያጥብልኝም፤ የኔም የነሱን። ይሄን ደብዳቤ ይዤ እነሳና፣ ኦቦ ገመቹ በተቀመጡበት፣ ከረባት ያሰረው ሰው በተቀመጠበት አነበዋለሁ። ማሳውን እንደሚወስዱት አውቃለሁ። እኔንም ሊወስዱኝ ይችላሉ። ለእትዬ ዘይነባ የቡሬን ነገር አደራ ብያለሁ። ገብሱ ሳይደርስ ይታጨድ ይሆናል፤ የአምናው አንድ ቁና ቀርቷል፣ እሱን ለዘር አስቀምጬዋለሁ። የት እንደምዘራው አላውቅም።

በጣም ፈርቻለሁ እማ። ከረሜላሽን የራሴ ነጠላ ጫፍ ላይ ቋጥሬዋለሁ፤ እስክሞት አይፈታም። እሑድ ሲመጣ የትም ብሆን አንድ ስኒ ለአንቺ አስቀምጣለሁ። የምቀምሰውን አልተፋም፤ እንዳንቺ እውጠዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ቁጥር ሰባትን አፍልቼ፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨምሬ፣ እስከ አተላው እጠጣዋለሁ። እዚያ ቆሜ እጄ ሲንቀጠቀጥ፣ ፍርሃት ብቻ መሆኑን እንዳውቅ።

ልጅሽ
ሲፈን