ኦሊዮው በስንት ወሩ ነው የሚቀየረው?

ሚያኦሊ፣ ከኮረብታው ሥር
በጨረቃ አቆጣጠር የመጀመሪያው ወር፣ አሥራ አንደኛው ቀን

ለአ-ኩዌይ፤ ኋሊየን፣ በእህትህ በዩዌ-ኦ በኩል

"እንዴት ከርመሃል" ብዬ ለመጀመር ብዕሩን ሦስት ጊዜ አነሳሁ፤ ሦስቴም ንዴቴ ቀደመኝ። እናትህ ደህና ናት። ገንፎዋን ትበላለች፣ ትሳደባለች፣ ስለዚህ ደህና ናት። እኔም አለሁ። የታመመው መኪናው ነው። የምጽፍልህም ስለ መኪናው ነውና ሌላ ነገር እንዳይመስልህ። ሁለት ነገር ብቻ ንገረኝ፦ ለሰማያዊው የሚሆነው ኦሊዮ የትኛው ነው? በስንት ወሩስ ነው የሚቀየረው?

ሳቅብኝ፣ ግድ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ ይህን አለማወቄ ያስቃል። ግን ማን አስተማረኝ? በጠየቅሁህ ቁጥር "አንቺ ጎመንሽን ሽጪ፣ የሱን ሆድ ለኔ ተይው" ነበር መልስህ። እኔም ተውኩት። የእናትህን መድኃኒት፣ የዝንጅብሉን ዘር፣ የገበያውን ሴቶች ነገረኛነት እችለዋለሁ። ያ ብረት ግን ከአፉ ምን እንደሚገባ፣ ከሥሩ ምን እንደሚወጣ አንድም ቀን አይቼ አላውቅም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ወር ሃያኛው ቀን ላይ ነው። ዝንጅብል ጭኜ ቁልቁለቱን ስወርድ ያቺ ማንቆርቆሪያ የምትመስል ቀይ መብራት ብልጭ አለች። ጠመዝማዛው ላይ ትበራለች፣ ቀጥታው ላይ ትጠፋለች። ስመለስ ጎረቤታችን አጎት ፔንግ የኦሊዮ መለኪያውን ዘንግ መዝዞ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ደረቅ ነው። ይሄ መኪና ኦሊዮ ይበላል፣ ቹን-ሺያ።"

"ይብላ እንጂ፤ ምን ላብላው ታዲያ?"

"ወፍራሙን፣ ሃምሳ ቁጥሩን። ያረጀ ሞተር እንደኔ ነው፤ መጋጠሚያው ስለላላ ቀጭን ነገር አይዝም።"

ሚስቱ ከጓዳ ሆና "አንተማ በወፍራሙም አልያዝክም!" ብላ ጮኸች።

"አሮጌውን ላስወጣው?" አልኩት።

"እንዳትነኪው! ያንን ሞተር አንድ ላይ የያዘው ቆሻሻው ነው። ከታጠበ ይበታተናል።"

ከተማ ወርጄ ደግሞ ባለሱቁ የወርቅ ቀለም ያለው ጣሳ አውጥቶ ደረደረልኝ። "ሲንተቲክ ነው፣ እናቴ፤ ሠላሳ ቁጥር፣ ቀጭን ነው፣ እንደ ውሃ ይሮጣል። አንዴ ከሞላሽው አሥራ አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር እርሺው" ይላል። ወንድሙ ከጀርባው "ለዚያ ለአሮጌው ሰማያዊ? በየሦስት ሺው ካልቀየረችው ሞተሩን ትቀብረዋለች!" ይለዋል። አንዱ ቀጭን፣ አንዱ ወፍራም፤ አንዱ በዓመት፣ አንዱ በወር። እዚያው ፊቴ ሊደባደቡ ደረሱ። እኔ መሀል ቆሜ ቦርሳዬን ጨምድጃለሁ። በመጨረሻ አርባ ቁጥሩን ገዛሁ። ለምን ብትለኝ፣ ከሠላሳውና ከሃምሳው መሀል ስለሆነ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ገዝቼም ልቤ አላረፈም። ወደ ምድሩ ጌታ መቅደስ ጎራ ብዬ መልስ የሚሰጥባቸውን ሁለቱን እንጨቶች ወረወርኩ። "አርባ ቁጥሩ ይሆናል ወይ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሁለቱም ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ወደቁ። የምድሩ ጌታ ሳቀብኝ ማለት ነው። ደግሜ ወረወርኩ፣ ደግሞ ሳቀ። በሦስተኛው ተናድጄ "የሚያስቅ ነገር የለም፣ ጌታዬ!" ብዬው ወጣሁ። ጠባቂው ሽማግሌ እስከ ዛሬ ይህን እያወራ ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልምጣ፤ ከሰው ከምትሰማው ከኔ ብትሰማው ይሻላል። የዓመቱ መጨረሻ ቀን እናትህ ከአልጋዋ ሆና እንደ ልማዷ ታዘኛለች። "የሩዙ ማሰሮ እስከ አፉ ይሙላ! ጨዉ ይሙላ! ጋኑ ይሙላ! ጎዶሎ ነገር ይዞ ዓመት የሚሻገር ቤት ዓመቱን ሙሉ ይጎድልበታል!" ሩዙን ሞላሁ። ጨዉን፣ ስኳሩን፣ ውሃውን ሞላሁ። ቀዩን ወረቀት በየማሰሮው ሆድ ላይ ለጠፍኩ። ከዚያ ውጭ ወጥቼ ሰማያዊውን አየሁት። "አንተስ እንጀራችን አይደለህ? ጎዶሎህን ልትሻገር ነው?" አልኩት። ክዳኑን ከፍቼ ጨመርኩ። አንዱ ጣሳ አለቀ፤ ውስጡ ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም። ሁለተኛውን ጨመርኩ። ሦስተኛው ሲጋመስ ኦሊዮው አፉ ላይ መጥቶ አብረቀረቀ፤ እኔም እፎይ አልኩ። ቀይ ወረቀት እሱም ላይ ለጠፍኩበት። እኔ ነኝ ያደረግሁት፣ አ-ኩዌይ፤ በገዛ እጄ፣ ደስ እያለኝ።

በስድስተኛው ቀን ገበያው ሲከፈት ጎመን ጭኜ ተነሳሁ። ድልድዩ ጋ ሳልደርስ ከኋላዬ ሰማያዊ ጭስ ተነሣ፤ መንገዱ ጠፋ። ከኋላ ያሉት ጥሩምባ ይነፋሉ፣ አንዱ "አሮጊት፣ ቤትሽን አቃጠልሽ እንዴ?" ይለኛል። ከዚያ ጓ አለና ቀጥ አለ። ወርጄ ሳይ ከሥሩ እንደ ታረደ ከብት ይፈስሳል። እዚያው ድልድዩ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ጎመኑን ዶሮ በላው።

መካኒኩ አ-ሹን፣ የአናጢው ልጅ፣ ጎትቶ ወሰደልኝ። ከሥሩ ተንሸራትቶ ብሎኑን ሲፈታው አንድ ባልዲ ሞላ፤ ሌላ ባልዲ አስመጣ።

"አክስቴ፣ ይሄ ሞተር ነው ወይስ የሩዝ ማሰሮ?"

"ሙሉ ነው የሚፈለገው አላሉም?"

"እስከ ዘንጉ ምልክት ነው እንጂ! ሲበዛበት አረፋ ይሆናል፣ መውጫ ሲያጣ ፓራኦሊዮውን፣ ኦሊዮ የሚያግደውን ጎማ፣ ገፍቶ ይወጣል። ይኸው ወጥቷል።"

ይጠገናል ወይ ብለው፣ ምናልባት አለ። ሞተሩ ምን ያህል እንደተጎዳ ከፍቶ ካላየ አያውቅም። እንዲህ በምናልባት ቆሜያለሁ። የመቃብር ጠረጋው በዓል ሳይደርስ መኪናው ካልተነሣ ዝንጅብሉ እጄ ላይ ይበሰብሳል። መኪናው ጭራሽ ከሞተ ደግሞ እናትህን የማበላበት ሌላ መንገድ አላውቅም። ሌላውን ነገር ልነግርህ የምችለው ይህን ካወቅህ በኋላ ነው።

አ-ሹን የኦሊዮ ማጣሪያውን፣ ፊልትሮውን፣ ፈትቶ በጨርቅ ጠረገና ወደ ብርሃን አዙሮ አየው።

"አክስቴ፣ በዘጠነኛው ወር ኦሊዮ የቀየረልሽ ማነው?"

"ማንም። አ-ኩዌይ ከሄደ ወዲህ ከኔ በቀር ክዳኑን የከፈተው የለም።"

"እንግዲያ ይህ የማን ጽሕፈት ነው?"

ፊልትሮው ላይ በነጭ ቀለም ተጽፏል። "ዘጠነኛው ወር፣ አሥራ አምስት"፤ ከሥሩ ኪሎ ሜትሩ። ያንተን አምስት የማላውቅ መሰለህ? ሆዷ ያበጠች፣ እግሯ የተንሻፈፈች። የባለፈው ዓመት ዘጠነኛ ወር፣ አ-ኩዌይ። አንተ ከሄድክ ዓመት ከአራት ወር ሆኖህ ነበር እኮ።

አ-ሹን ደግሞ የድሮውን ኦሊዮ በጣቱ አሸት አድርጎ አሸተተና "ይሄ አንድ ዓይነት አይደለም። ሁለት ቀላቅሏል፣ ምጣኔውን እሱ ነው የሚያውቀው። ሁለት ዓመት ኦሊዮ ያልተቀየረለት ሞተርማ ድሮ ሞቶ ነበር" አለኝ።

ቤት ገብቼ ጋጣው ውስጥ መሰላል አቆምኩ። ከላይኛው መደርደሪያ፣ ከቀርከሃ ቅርጫቶቹ ጀርባ፣ አምስት አሮጌ ፊልትሮ በጆንያ ተጠቅልሎ አገኘሁ። ሁሉም ላይ ቀን አለ። ሁሉም አንተ ከሄድክ ወዲህ ነው። ሁሉም አሥራ አምስተኛ ቀን ነው፤ እኔ ከሴቶቹ ጋር መቅደስ ለማብሰል የምውልበት፣ መኪናው ቤት የሚቀርበት ቀን። በየሦስት ወሩ ተራራውን ዞረህ፣ ግማሽ ቀን ባቡር ላይ ተቀምጠህ መጥተህ፣ ኦሊዮ ቀይረህ፣ ውሃ እንኳን ሳትጠጣ ስትመለስ ነበር ለካ።  ከታች መሰላሉን የያዘልኝ አጎት ፔንግ ባይደግፈኝ ወድቄ ነበር።

ያን ቀን ያልኩህን አስታወስኩ። በካቻምናው አምስተኛው ወር፣ በጀልባ እሽቅድምድሙ በዓል ዋዜማ፣ ድምፁ አላማረኝም ብለህ ሞተሩን ፈታተህ መሬት ላይ ዘረጋኸው። አትክልቱ ሁሉ ተጭኖ ሙቀት በላው። እኔም እንደ እብድ ጮህኩ። "ከመኪናህ ጋር ተጋባ! ዐይኔ እያየ ሁለተኛ ይህን ግቢ እንዳትረግጥ!" አልኩህ። አንተ ደግሞ ቃል በቃል የምትወስድ ሰው ነህ። ሰው በንዴት የተናገረውን እንደዚህ ይወስዳል? ሁለት ቀን ተኮራርፈን የሚያበቃ መስሎኝ ነበር። እራትህን እስከ ሦስተኛው ቀን አስቀምጬልህ ነበር፣ ባታውቀው ነው።

እናትህማ ስትነግረኝ ኖራለች። ከመቅደስ ስመለስ "አ-ኩዌይ መጥቶ እግሬን አሸልኝ" ትለኛለች። እኔ ደግሞ "እሺ እማማ፣ በሕልምሽ ነው፣ ተኚ" እላታለሁ። ዘጠና ዓመቷ ነው፣ ዘባረቀች እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ አወራሁባት። ትናንት አልጋዋ ሥር ተንበርክኬ ይቅርታ ጠየቅኋት። "እሱ ነው አትንገሪያት ያለኝ፤ እኔ ግን በየጊዜው ስነግርሽ አትሰሚም" አለችኝ። ከዚያ "በአሥራ ሁለተኛው ወር ለምን ቀረ?" አለችኝ። 

አዎ፣ ለምን ቀረህ? ተራህ በአሥራ ሁለተኛው ወር አሥራ አምስት ነበር። ከዚያ በአምስተኛው ቀን መብራቱ በራ። ይህን ለክስ አይደለም የምጠይቅህ። ሰልችቶህ ከሆነ፣ ሰልችቶኛል በል፤ መብትህ ነው።

ከትናንት ወዲያ ለዩዌ-ኦ ደወልኩ። "ተኝቷል" አለችኝ። ከጧቱ አራት ሰዓት ነው። ዶሮ ሳይጮህ የሚነሳ ሰው በአራት ሰዓት ምን ዓይነት እንቅልፍ ነው የሚተኛው? ከሰዓት በኋላ ደወልኩ፣ "ተኝቷል" አለች። ትናንትም ደወልኩ። "ቹን-ሺያ፣ እሱ እኮ..." ብላ ጀመረችና ድምጿ ተቆራረጠ፣ ስልኩ ተዘጋ። በእናንተ በኩል ተራራ ስለበዛ መስመሩ እንደዚህ እንደሚያደርግ አውቃለሁ። መልሼ አልደወልኩም። ይህን መጻፍ ይሻለኛል ብዬ ተቀመጥኩ።

ተነስቼ እንዳልመጣ እናትህን ለማን ልተዋት? የፔንግ ሚስት ለገበያው ሁለት ሰዓት ትቀመጥላታለች እንጂ አታድርላትም። መኪናው ቆሟል። አ-ሹን የትኛውን ከየትኛው እንደምትቀላቅል ካላወቀ ሞተሩን ቢያነሳውም እንደማይከርም ነግሮኛል። ስለዚህ ጻፍልኝ። መጻፍ ካቃተህ ለዩዌ-ኦ ንገራት፣ እሷ ትጻፈው። የምትቀላቅለውን ሁለቱን ስም ብቻ። በስንት ወሩ እንደሚቀየር አያስፈልግም፤ እሱን አሁን አውቄዋለሁ።

እናትህ "እግሬ በርዶኛል በሉት" ብላለች። የደረቀ ሰናፍጭ ጎመንና ያቦካሁትን ፍጁል በፖስታ ልኬያለሁ። መብላት የማትችል ከሆነ ዩዌ-ኦ በሾርባ ቀቅላ ውሃውን ብቻ ታጠጣህ። የምድሩ ጌታ ደረትህን ያሙቅልህ፣ ጉልበትህን ይመልስልህ። በኔ ሳቀ፤ ባንተ ግን እንዳይስቅ በየቀኑ እየሄድኩ እየለመንኩት ነው።

ያን ቀን ያወጣሁትን ቃል ትቼዋለሁ፣ አ-ኩዌይ፤ ሰማህ? ስትመጣ እኔ ቤት ባለሁበት ቀን ና።

ሚስትህ፣
ቹን-ሺያ