ልጃችን የጮኸችበት አዳራሽ

ይድረስ ለማልጠግብሽ ባለቤቴ ለአስካለ፦

ትተሽን ከሄድሽ ዓመት አለፈ፤ ይኸው ሁለተኛው ክረምትም ሊወጣ ነው። እንደምን አለሽ ብዬ እንዳልጠይቅሽ መልሱን የሚያመጣልኝ ፖስተኛ የለም። ስለዚህ የእኛን ልንገርሽ።

ይህን የምጽፈው እኔው ራሴ ነኝ፣ በገዛ እጄ። ፖስታ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ የሚቀመጠውን ጸሐፊ አልፈልገውም። የማታ ትምህርቴን ጨርሻለሁ። መምህራችን ከክፍሉ አንደኛ ነህ ብሎ ባይነግረኝም ፊቱ ላይ አነበብኩት፤ ማንበብ ተምሬ የለም? አንቺ ቀልድህን ትተህ ተማር ትይኝ ነበር። ተማርኩ፤ ቀልዱን ግን መተው አቃተኝ።

ቤታችን ያው ነው። ጣሪያው የሚያፈስበትን በኩል በቆርቆሮ ደፈንኩት፤ አሁን በሌላ በኩል ያፈሳል። ፈረሳችን ዳማ አርጅቷል። መሳለሚያ ዳገት ላይ ቆም ብሎ ዞሮ ያየኛል፣ ውረድና አንተ ጎትት የሚለኝ ይመስል። ተሳፋሪው ይስቃል። ቢሆንም በኮልፌ መንገድ ላይ ከእኔ የተሻለ ባለ ጋሪ የለም፤ ሌሎቹም ያውቁታል፣ አፍ አውጥተው ባይናገሩትም።

አሁን ወደሚከብደኝ ልግባ። የጽጌን ነገር።

የቀብርሽ ዕለት ልጃችን አላለቀሰችም። ሴቶቹ ልጅ ናት፣ አልገባትም አሉ። ገብቷት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ድምፅዋ ጠፋ። ዲዳ አልሆነችም፤ ግን የምትናገረው በሹክሹክታ ነው፣ ያውም ለእኔ ብቻ። የካፖርቴን ጫፍ ይዛ ትውላለች። ከዓይኗ ትንሽ ከራቅሁ ደረቷን ይዛ ትንፋሽ ያጥራታል። ጸበል ወሰድኳት፤ ጤና ጣቢያም ወሰድኳት። አንደኛው ጸልዩ አለን፣ ሌላው ክኒን ሰጠን። ሁለቱንም አደረግን። ምንም የለም።

ማታ ትምህርት ስሄድ ልጅቷን የምተውለት ሰው ስላልነበረኝ ይዣት እሄድ ነበር። ከክፍላችን ቀጥሎ ባለው አዳራሽ ካራቴ የሚባል የጃፓን ትግል ይማራሉ። አስተማሪው ቀን ቀን ጋራዥ የሚሠራ ቀጭን ወጣት ነው፤ አሰብ ወደብ ሳለ ከአንድ ጃፓናዊ መርከበኛ ተማረው ይባላል። ጽጌ ከእኔ ክፍል እየወጣች አዳራሹ በር ሥር ቆማ ታያቸዋለች፣ ካፖርቴን ለቃ። አንድ ምሽት ፊደሌን ጨርሼ ስወጣ ጫማዋን አውልቃ ከልጆቹ መሃል አገኘኋት።

ልጄን ለማን እንደሰጠሁ ልይ ብዬ ገባሁ። ታውቂኝ የለም፤ ይህን ቀጭን መካኒክ በአንድ እጄ አንስቼ ጋሪ ላይ እንደምጭነው ለአዳራሹ ሁሉ አወጅሁ። ይሞክሩኝ አለ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ጣሪያውን ነው። ጥሩ ጣሪያ ነው፣ እንደ እኛ አያፈስም። እጄን ይዞ አነሳኝና፣ አወዳደቅዎ መጥፎ ነው፣ መጀመሪያ መውደቅ ነው የምናስተምርዎ አለኝ። ለመውደቅ አስተማሪ እንደማያሻኝ፣ ጠጅ ቤት በደንብ እንደተማርኩት ነገርኩት። በማግስቱ ግን እኔም ጫማዬን አወለቅሁ።

ካራቴ ዕድሜ አያይም፣ አስካልዬ። ሰልፉ በቀበቶ ማዕረግ እንጂ በጢም አይደለም። ቀድሞ የጀመረ ከፊት ይቆማል። ስለዚህ ጽጌ ከፊቴ ነበረች፤ ጥንድ ጥንድ ሆነን ስንሠራ ለገዛ ልጄ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሳ ነበር። ከኋላዬ ኮርያ ዘምተው የተመለሱ፣ ከጃንሆይ ሜዳይ የተሸለሙ አንድ አሥር አለቃ አሉ። ሲጀምሩ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ በከዘራ ነበር የሚመጡት፤ አሁን ከዘራውን በር ላይ እየረሱት ይሄዳሉ። ጎመን የምትሸጥ አንዲት ሴትም አለች፤ ሸክም እንዴት ቆማ እንደምታነሳ ካወቀች ወዲህ ወገቤ ስትል አልሰማኋትም። የእኔን ደግሞ ጠይቂኝ። ጋሪ ያጎበጠው ጀርባዬ ቀና ብሏል፤ ብታይኝ ሌላ ባል መስዬሽ በር ትዘጊብኛለሽ። የሚገርምሽ ግን ቁጣዬ ነው። አንድ ጎረምሳ ባለ ጋሪ የተሳፋሪ ወረፋዬን ነጥቆ ሲያበቃ፣ ሚስቱን ቀብሮ ፈረስ የሚያስታምም ብሎ ሰደበኝ። የድሮው እኔ ብሆን ጥርሱን ከመሬት ይለቅም ነበር። ከሆዴ ተነፈስኩና ዳማን ጎትቼ አለፍኩ። እሱም ጥርሱ አለ፣ እኔም ፖሊስ ጣቢያ አላደርኩም።

ቡጢ ሲሰነዘር ከሆድ ይጮኻል፤ ሕጉ ነው። ሁሉም ሲጮህ ጽጌ አፏን ትከፍታለች፣ ምንም አይወጣም። አስተማሪው አልገፋትም። ጥር ላይ ነው፤ ከፊቴ ቆማ ሳለ ጮኸች። ያ ድምፅ ከዚያች ከሲታ ልጅ ወጣ ብል ማን ያምነኛል? ደገመችው። ደጋገመችው፣ እንባዋ እየወረደ። ቀብርሽ ላይ ያላለቀሰችው ለቅሶ ነበር። አሥር አለቃው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። እኔም ላብ ነው ብዬ ዓይኔን ጠረግሁ። ከዚያ ወዲህ ልጅሽ ትናገራለች። ያንቺን ያህል ትናገራለች፤ የማረፊያ ሰዓት አሳጥታኝ ነበር።

በደስታ የካራቴውን ልብስ አሰፋሁላት። ነጭ መሆን አለበት፤ የተዘጋጀ ስለማይገኝ ልብስ ሰፊው ከአቡጀዲ ሠራላት። እናትሽ ለሙት ዓመትሽ ዝግጅት ከሆለታ ማዶ ሲመጡ፣ ይህን ለብሳ በር ላይ ተቀበለቻቸው። አንቺን የገነዝንሽ በአቡጀዲ ነው፤ እሳቸው ናቸው በእጃቸው የቀደዱት። እኔ ስንቱን ሳስብ ይህ አልታየኝም። እናትሽ ልጅቷን አልሳሟትም። ጥቁራቸውን ለብሰው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉና፣ “ዓመቷ ሳይደርስ ልጇን ደግሞ ገንዘህ አቆምክልኝ?” አሉኝ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። እናትሽ ከሳሽ ሆኑ፦ እናቷን በወጉ ሳታዝን በመግነዝ ጨርቅ ትዘላለች፣ ለማታውቀው ትሰግዳለች፣ ከሙት ዓመቱ በኋላ ይዣት አገሬ እገባለሁ አሉ። እኔ ተነሳሁና የካራቴን ጥቅም ዘረዘርኩ፤ ለወገብ፣ ለጉልበት፣ ለትንፋሽ፣ ለጠባይ። አፌ አልበቃ ብሎኝ በእግሬ ላሳይ ስል ጫማዬ አምልጦ የእድሩ ዳኛ ጋቢ ላይ አረፈ። ሰው ሳቀ፣ እናትሽ አልሳቁም። በመጨረሻ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለምን ልጅቷን ራሷን አንጠይቅም ብለው ወደ ጽጌ ዞሩ። ልጅሽ ከዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ “ስጮህ ደረቴ ይለቀኛል” አለች፣ ጮክ ብላ።

ፈረዱልኝ። ልብሱ ሙት ዓመቱ እስኪያልፍ ይቀመጥ፣ ልጅቷ ከአባቷ ጋር ትኑር አሉ። ያን ቀን ያልነገርኩት ሰው የለም፤ ለዳማ ሳይቀር ነገርኩት።

ሙት ዓመትሽ በደህና ወጣ፤ ደብተራዎቹ ጠግበው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት እናትሽን አውቶቡስ ላደርስ ጋሪውን ጠመድሁ። ጓዛቸውን አስረው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። እንሂድ ስላቸው እሺ ይላሉ፣ ግን አይነሱም። ሕመም አልነበረም። የሚነሱለት ነገር ያጡ ይመስላሉ። አንድ ልጃቸው አንቺ ነበርሽ፤ ይህን ስፎክር ረስቼው ነበር። እኔ ልጓም ይዤ ቆሜ ሳይ፣ ጽጌ ሄዳ ከፊታቸው ጎንበስ አለች። ከዚያ በብብታቸው ሥር ገብታ፣ አዳራሹ ውስጥ የወደቀ ሰው እንደምናነሳው አነሳቻቸው። እጃቸውን ሳትለቅ ወደ እኔ ዞረች።

“አባዬ፣ እማማ ብቻቸውን ናቸው። አብሬያቸው ልሂድ።”

ያች የካፖርቴን ጫፍ የማትለቅ ልጅ ናት ይህን ያለችው። ልብ የሰጣት ያ አዳራሽ ነው፤ በዚያው ልብ ትታኝ ሄደች። ልኩራ ወይስ ልማረር፣ እስካሁን አልለየልኝም። እምቢ ማለት እችል ነበር፣ ፍርዱም በእጄ ነበር። ግን አንድ ሰው ሌላውን ሲያነሳ እያየሁ፣ ተዪው ልላት አፌ አልታዘዘኝም።

እስከ መስከረም ተባብለናል። ጭንቀቴ እዚህ ላይ ነው። በእናትሽ አገር ትምህርት ቤት የለም። ውሃ መቅዳት አለ፣ ጥጃ መጠበቅ አለ፤ ልጅ ደግሞ አንዴ ሥራ ከለመደ ማን ይለቀዋል? ፊደል ወደ እኔ ሲመጣ ከእሷ እንዳይሄድ እፈራለሁ። አዳራሹ እሄዳለሁ፤ ከፊቴ ያለው ቦታ ባዶ ነው። አስተማሪው ወደ ፊት ጠጋ ይበሉ ሲለኝ እግሬ እምቢ ይላል። አሥር አለቃው ከኋላ፣ ተወው ይሉታል።

ሰሞኑን ከዚያ አገር ቅቤ ይዞ የመጣ ነጋዴ ወሬ አመጣልኝ። ጽጌ ማለዳ ማለዳ ከጎጆው ጀርባ ወጥታ ትጮኻለች አለ። መጀመሪያ ጎረቤቱ ጅብ ይዟት ነው ብሎ ዱላ ይዞ ወጥቶ ነበር፤ አሁን ለምዶታል። እናትሽም ነጠላቸውን ተከናንበው አጠገቧ ይቀመጣሉ። ስታቆም፣ “ድገሚው” ይሏታል አለኝ። ይህን ስሰማ ሳቅሁ። ሳቁ አልቆም አለኝ፤ ኋላማ ሳቅ መሆኑም ቀረ።

መስከረም ሲጠባ እሄዳለሁ። ይዣት እመጣለሁ ብዬ አልፎክርልሽም፤ ፉከራዬን ታውቂዋለሽ። ጽጌን እጠይቃታለሁ። እናትሽንም ኑና አብረን እንኑር ብዬ እለምናቸዋለሁ፤ ስከራከራቸው እንጂ ስለምናቸው አያውቁኝም። እሺ ካሉ አልጋው የእሳቸው ነው፣ እኔ መደቡ ላይ እተኛለሁ። እምቢ ካሉ ያን መንገድ ብቻዬን እንዴት እንደምመለሰው አላውቅም።

አንቺን ግን፣ አስካልዬ፣ ሽማግሌ ቢፈርድ፣ ዓመት ቢሞላ፣ ጥቁሩ ቢወልቅ፣ መጥቶ ከእኔ የሚወስድሽ የለም። እኔ ባለሁበት ሁሉ አለሽ።

ባለቤትሽ